በታንከሩ በር ላይ የተቀመጡት

ጋሽ ኤልያስ ማረፋቸውን የሰማሁት ታንከር ጣሪያ ላይ ቆሜ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አላነሳሁትም፤ ከፍታ ላይ ስልክ ማንሳት እሳቸው ከከለከሉን ነገሮች አንዱ ነበር። ወርጄ ስደውል ባለቤታቸው እትዬ ማርታ አነሱ። «ትዕግስት፣ ጋሽሽ ሄደ» አሉኝ። ስኳሩ ኩላሊታቸውን ከያዘው ወዲህ ብዙ እንደማይቆዩ ሁላችንም እናውቅ ነበር። የሚጠበቅ ሞትም ግን ያው ሞት ነው፤ እዚያው የብረት መሰላሉ ሥር ቁጭ አልኩ።

እኔ ሰው ቶሎ የምወድ ሴት አይደለሁም። እናቴ «አንቺ ሰውን እንደ ሽንኩርት ካልላጥሽ አታምኚም» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ጋሽ ኤልያስን መጀመሪያ ወደድኳቸው፣ ቀጥሎ ፈራኋቸው፣ በመጨረሻ ደግሞ በጣም አዘንኩላቸው። ሦስቱም ስሜቶች እስካሁን አብረውኝ አሉ፤ አንዱ ሌላውን አላስወጣውም።

ሥራችን ለሚሰማው ሰው ግር ይላል። ፋብሪካዎች ዘይት፣ አልኮል፣ ሞላሰስ፣ ኬሚካል የሚያጠራቅሙባቸው ፎቅ የሚያካክሉ ታንከሮች አሏቸው። ውስጣቸው ምን ያህል ፈሳሽ እንዳለ ለማወቅ ድሮ ሰው ጣሪያው ላይ ይወጣና ክዳኑን ከፍቶ ረጅም ብረት ወደ ታች ይሰዳል። ብረቱ እስከ የት እንደረጠበ አይቶ ይናገራል። እኛ የምንገጥመው ይህን ሁሉ የሚያስቀር ራዳር ነው። ጣሪያው ላይ ተቀምጦ ቁልቁል የሚያይ፣ ጆግ የሚያህል ዕቃ ነው።

ጋሽ ኤልያስ ይህን ለማንም ማስረዳት አይታክታቸውም ነበር። አንድ ጊዜ የአንድ ፋብሪካ ዘበኛ «ይኼ ነገር እንዴት አድርጎ ነው ሳይነካው የሚለካው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«እንጦጦ ላይ ቆመህ ስትጣራ ገደል ማሚቶ አይመልስልህም? ይኼም እሱ ነው። ቁልቁል ይጣራል፣ ፈሳሹ ይመልስለታል። ቶሎ ከመለሰለት ታንከሩ ሞልቷል፤ ከዘገየበት ጎድሏል።»

«እና ማን ብሎ ነው የሚጣራው?» አለ ዘበኛው፣ እየቀለደ።

«እሱን እንኳ ገና ስም አላወጣንለትም። አንተ ኦርቶዶክስ አይደለህ? ክርስትና አንሳው።»

እሳቸው ጴንጤ ነበሩ። አባታቸው ከወላይታ የመጡ፣ እናታቸው የሸዋ ሰው፤ ራሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት ጉለሌ ነው። ቁመታቸው በር የሚሞላ፣ ትከሻቸው የተሸካሚ፣ ሳቃቸው ከሰውየው ቀድሞ የሚደርስ ነበር። መሰላል ከመውጣታቸው በፊት ሄልሜታቸውን አውልቀው አጠር ያለች ጸሎት ያደርጋሉ። ሌላው ሠራተኛ ሲያማትብ ካዩ «አንተ በፊት ለፊት ግባ፣ እኔ በጓሮ እገባለሁ፤ ቤቱ አንድ ነው» ይሉታል። ቅጽል ስም ያላወጡለት ሰው አልነበረም። እኔን መመሪያ መጽሐፍ ሳላነብ ዕቃ ስለማልነካ «ወይዘሮ ካታሎግ» ነበር የሚሉኝ። በሌላ ሰው አፍ ቢሆን እጣላ ነበር፤ ከእሳቸው ሲመጣ ደስ ይለኛል።

ስለ ራዳሩ ደግሞ አንድ አባባል ነበራቸው። «እንደ ሕፃን ልጅ ነው፣ እንግዳ ፊት ያየውን ሁሉ ይናገራል» ይሉ ነበር። ማለታቸው ይህ ነው፦ ታንከሩ ውስጥ መሰላል ካለ፣ ወይም ቱቦ ካለፈ፣ የራዳሩ ጥሪ እሱንም ነክቶ ይመለሳል። ያኔ ራዳሩ መሰላሉን ፈሳሽ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ስለዚህ ታንከሩን ባዶ አድርጎ «ይህ መሰላል ነው፣ እለፈው፤ ያ ቱቦ ነው፣ እለፈው» ብሎ ማስተማር ያስፈልጋል። ብዙ ገጣሚዎች ፋብሪካው ሥራ እንዳይቆምበት ብለው ታንከሩ ግማሽ ሞልቶ ሳለ ያስተምሩታል። ያኔ ራዳሩ እውነተኛውን ፈሳሽ ራሱን እንዲያልፈው ይማርና ታንከሩ ሞልቶ እስኪፈስ ዝም ይላል። ጋሽ ኤልያስ ግን ባዶ ካልሆነ ንክች አያደርጉም። ሁላችንንም የለወጠው ያ ቀን የመጣውም በዚሁ ጠባያቸው ነው።

ፋብሪካው ከዊንጌት ብዙም የማይርቅ፣ ከሞላሰስ፣ ማለትም ከስኳር ከሚተርፈው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ፣ አልኮል የሚያወጣ ነው። የሞላሰሱን ታንከር የሚለካው ይርጋ የሚባል ቀጭን፣ ኩሩ ሰው ነበር። ከቁስቋም ማርያም በታች ከእናቱ ከእማማ ዘውዴ ጋር ይኖራል። ታናሽ ወንድሙ ሀብታሙ እዚያው ፋብሪካ ቦይለር ክፍል ይሠራል። ጋሽ ኤልያስም ቤታቸው እዚያው ሰፈር ስለሆነ ከእነሱ ጋር በአንድ እድር ነበሩ። እንደ ቤተሰብ ይተዋወቃሉ።

ራዳሩ ሲመጣ ይርጋ አልከፋውም። «ጉልበቴ ከዚህ በላይ መሰላል አይወጣም፤ እንኳን መጣልኝ» ነበር ያለው። ፋብሪካው ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል ሊያዛውረው ቃል ገብቶለታል። ራዳሩን እንድናስተምር ታንከሩን ያፈሰሰልን፣ ቧንቧውን የዘጋልን፣ እንዲታጠብ ብሎ የታችኛውን በር የከፈተልን እሱ ራሱ ነበር። በሩ ከታንከሩ እግር አጠገብ ያለ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ክብ ቀዳዳ ነው።

ጋሽ ኤልያስ ወገባቸው ላይ የሚሰቅሏትን የጋዝ መለኪያ በበሩ ሲያስገቧት ጮኸች። ሞላሰስ ሲወጣ ከሥር የሚቀረው ዝቃጭ ይቦካል፤ ሲቦካ የሚያወጣው ጋዝ ደግሞ መሬት መሬቱን ይተኛል፣ በዓይንም አይታይም። ሰው ሲተነፍሰው ጉልበቱ ይከዳዋል። ጋሽ ኤልያስ በበሩ ላይ ቢጫ ፕላስቲክ ወጠሩና ሁላችንንም ሰብስበው ተናገሩ።

«ይቺ እየጮኸች ማንም አይገባም። ነገ ብሎወር ሰክተን ንፋስ እንሰጠዋለን። ዛሬ ሥራችን ከላይ ብቻ ነው።»

«ጋሽ ኤልያስ፣ እኔ ይቺን ታንከር ስንቴ ገብቼባታለሁ» አለ ይርጋ።

«እሷ ትታገስሃለች፣ እኔ አልታገስህም» አሉት፤ ተሳሳቁ።

ከዚያ ጣሪያው ላይ ወጣን። ራዳሩን ገጠምን፣ ላፕቶፑን ሰካሁ። ባዶ ታንከር ስክሪኑ ላይ አንድ ጉብታ ብቻ ነው የሚያሳየው፦ ወለሉን። ከመሰላሉ የሚመጡትን ትንንሾቹን እናውቃቸዋለን። እኛ ያየነው ግን ከመካከል የቆመ አንድ ትልቅ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጉብታ ነበር። ጋሽ ኤልያስ ባትሪያቸውን አብርተው በክዳኑ ሲያዩ ረጅም የብረት ዘንግ ከመሰላሉና ከግድግዳው መካከል አግድም ተሰንቅሯል።

የይርጋ የመለኪያ ብረት ነበር። ያን ጊዜ እኛ የማናውቀው ነገር አለ። ብረቱ ከእጁ አምልጦ ሞላሰሱ ውስጥ ሲወድቅ ይርጋ ግዴለሽ እንዳይባል ብሎ «ሌባ ወስዶታል» ብሎ አመልክቷል። በዚህ የተነሳ የቀኑ ዘበኛ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። ያ ዘበኛ ደግሞ በዚያች ሰዓት ከታች በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር።

ጋሽ ኤልያስ ይህን ከየት ያውቁታል? ከጣሪያው ጫፍ ጎንበስ አሉና በዚያ በሚያስተጋባ ድምፃቸው ግቢውን ሁሉ ሞሉት።

«ይርጋ፣ ምርኩዝህን እዚህ ጥለህ ነው እንዴ በመኪና ልትሄድ ያሰብከው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የክፍሉ ኃላፊ ከቢሮው ወጥቶ «የቱን ምርኩዝ?» አለ። «የመለኪያ ብረቱን ነዋ፤ ራዳራችን ገና ሥራ ሳይጀምር አጋለጠው» አሉ ጋሽ ኤልያስ። ዘበኛው አልሳቀም። ይርጋን ዝም ብሎ አየው። ይርጋም ቀና ብሎ እኛን አየ፣ ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ አልሆነለትም። ከላይ ሆኜ እንኳ ጆሮው ሲቀላ የታየኝ መሰለኝ።

ምሳ ሰዓት ሆኖ ወደ ክበቡ ሄድን። ጋሽ ኤልያስ ዕቃ ሊሰበስቡ ወደ ኋላ ቀሩ። ገና ሽሮው ሳይቀርብ ጩኸታቸውን ሰማሁ። ስደርስ ቢጫው ፕላስቲክ ተቆርጦ መሬት ላይ ወድቋል። ጋሽ ኤልያስ በክቡ በር ባትሪ እያበሩ «ይርጋ፣ ይርጋ» ይላሉ። በትከሻቸው ላይ አሻግሬ አየሁ። ይርጋ በዝቃጩ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቷል። ብረቱን ከተሰነቀረበት አውጥቶታል፤ ከሥሩ ነበር። ማንም ሳያየው አውጥቶ የሆነ ቦታ ሊጥለው፣ ወይም ዘበኛውን ጠርቶ ሊሰጠው ይሆናል፤ እሱን የሚያውቅ የለም።

«እሳት አደጋ ጥሪ። ብሎወሩን አምጪ። ላይኛው ክዳን ጋ መንጠቆ ይዛችሁ ውጡ» አሉኝ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር።

ሀብታሙ ከቦይለር ክፍል እየሮጠ መጣ። እኔ ስልክ ላይ ነበርኩ። ጋሽ ኤልያስ ሲያዩት ዞሩና ጀርባቸውን ወደ ውስጥ ሰጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ። ያ ግዙፍ ገላቸው ክቡን እንደ ቡሽ ደፈነው። ለብሎወሩ ቱቦ ብቻ በትከሻቸው በኩል ቦታ ትተዋል።

«ጋሽ ኤልያስ፣ ያሳልፉኝ፣ ወንድሜ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ያሳልፉኝ እኮ ነው የምልዎት። አንድ እርምጃ ነው፣ ስቤ አወጣዋለሁ።»

«አታወጣውም። አጠገቡ ትወድቃለህ።»

ሀብታሙ አንገታቸውን ያዘ። እሳቸው በሁለት እጃቸው ደረቱን ገፍተው ያዙት፣ አልለቀቁትም። ሠራተኛው ተሰበሰበ። «ሰው እየሞተ እንዴት በር ይዘጋል?» ይላል አንዱ። ሌላው ሃይማኖታቸውን ጠርቶ ሰደባቸው። አንዱ በቡጢ መታቸው፣ ቅንድባቸው ላይ ደም ወጣ። እጃቸውን አንስተው አልተከላከሉም፤ እጃቸው ሀብታሙን ይዟላ። «እኔን ገድላችሁ ግቡ» ይሉ ነበር ደጋግመው፣ ሳይጮኹ።

እኔና አንድ ሌላ ልጅ ከላይ በገመድ መንጠቆ ሰደድን። የይርጋን ጃኬት ያዘልን። ስንስብ ትንሽ ቀና አለ፣ ከዚያ ጃኬቱ ተቀደደና ተመልሶ ወደቀ። ያንን የጨርቅ ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ። እሳት አደጋዎች የመኪና መጨናነቅ ይዟቸው ሲቆዩ ቆይተው ጭንብላቸውን አጥልቀው ገቡ። ይርጋ ሕይወቱ አልፎ ነበር። አለቃቸው ላቡን እየጠረገ «አንድ ሰው ከኋላው ቢገባ ሁለት ሬሳ ነበር የምናወጣው» አለ። የሰማው ሰው ጥቂት ነው። ሀብታሙ መሬት ላይ ተንበርክኮ አፈሩን ይደበድብ ነበር።

እኛ አገር ሰው የሚባለው የወደቀ አይቶ የሚሮጥ ነው። ጉድጓድ የገባውን ሊያወጣ ገብቶ የቀረ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም፤ ሁሉንም በክብር ነው የምናነሳቸው። አንዱ ሌላውን ሊያወጣ፣ ሦስተኛው ሁለቱን ሊያወጣ እየገባ ያለቀ ቤተሰብ አውቃለሁ። በሩ ላይ ቆሞ «አትገባም» ያለውን ሰው ግን ምን ብለን እንደምናነሳው አላወቅንበትም።

ልቅሶው ላይ ጋሽ ኤልያስ ቅንድባቸውን በፋሻ አስረው መጡ። የተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ። ማንም ተነሱ አላላቸውም፤ ሰው ብቻ ከአጠገባቸው ይነሳል። እማማ ዘውዴ ደረታቸውን እየደቁ ወጥተው ከፊታቸው ቆሙ።

«ኤልያስ፣ አንተ እኮ ጎረቤቴ ነህ። ልጄን በር ዘግተህበት ቁጭ አልክ?»

ጋሽ ኤልያስ ተነስተው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። እኔ ግን መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት ክንዴን ያዙኝና «ተይ፣ የእሳቸው ቀን ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። በማግስቱም መጡ። ድንኳኑ እስኪፈርስ ድረስ ያንን ባዶ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ሲፈርስ ደግሞ የእድሩን ወንበር ለመጫን የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የማውቃቸው ጋሽ ኤልያስ ሌላ ሰው ናቸው። ሳቃቸው ቀረ። «ወይዘሮ ካታሎግ» ቀረ፣ «ትዕግስት» ሆንኩ። ይህ ከሁሉም በላይ ከፋኝ። ፖሊስ ቃላቸውን ሲቀበላቸው የሆነውን ሁሉ ከተናገሩ በኋላ «እዚህ ላይ ደግሞ ጻፍልኝ፣ ሰው ፊት ያሳፈርኩት እኔ ነኝ» ብለውት ነበር። መርማሪው «እሱ ወንጀል አይደለም አባቴ» አላቸው። ያጽናናቸው መስሎት ነው።

ሥራቸውን አልተዉም። አንድ አዲስ ልማድ ብቻ ጨመሩ። የትኛውም ፋብሪካ ስንደርስ፣ የታችኛው በር ከተከፈተ፣ የብረት ፍርግርግ ያስሩበትና በራሳቸው ቁልፍ ይቆልፉታል። ቁልፉን አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ሥራው ሲያልቅ ነው የሚፈቱት። በዚህ ከስንት ሰው ጋር ተጣሉ። አንድ የዘይት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛ ገብቶ ዝቃጩን ቶሎ እንዲጠርግለት ፈልጎ «ክፈቱ» አላቸው። መለኪያዋ እየጮኸች ነበር። እምቢ አሉ። ሰውየው ትክ ብሎ አያቸውና «እርስዎ ያ... የሞላሰሱ ሰው ነዎት አይደል?» አላቸው።

«ነኝ» አሉ።

በማግስቱ ሥራው ለሌላ ገጣሚ ተሰጠ። እኔ በንዴት ጦፍኩ፣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ስናገር ነበር። እሳቸው መስኮቱን እያዩ «ሰውየው የጠራኝ በስሜ ነው፤ ምን ያናድድሻል?» አሉኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ሄደው መቀመጥ ለምደው ነበር። አንድ እሑድ እትዬ ማርታ «ሂጂና አብረሽው ተቀመጪ፣ እኔን አያናግረኝም» ብለው ላኩኝ። ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ ሳላስበው ተናገሩ።

«ብሎወሩ እኮ ትንሽ ሠርቶ ነበር፣ ትዕግስት።»

«እ?»

«ንፋስ እየገባ ነበር ማለቴ። ሀብታሙ ወጣት ነው፣ ጠንካራ ነው። ትንፋሹን ይዞ ገብቶ አንዴ ቢጎትተው... ይርጋ ያን ጊዜ ነፍሱ ሳትወጣ ሊሆን ይችላል።»

«ሀብታሙም ይሞት ነበር። እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ ያስተማሩኝ? መለኪያዋ እየጮኸች ነበር።»

«አውቃለሁ። ቀን ቀን በደንብ አውቀዋለሁ። ስተኛ ነው የሚጠፋብኝ።»

ራዳር ቢሆን ባዶ አድርጌ «ይህን እለፈው» እለው ነበር። ሰውን እንዲህ አድርጎ ማስተማር አይቻልም።

በየዓመቱ የይርጋ ሙት ዓመት ሲደርስ ወደ እማማ ዘውዴ ቤት ይሄዳሉ። በእሳቸው ሃይማኖት ተዝካር የለም፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ቅር ይላቸው ነበር። እሳቸው ግን የእድሩን ወንበርና ድንኳን ከወጣቶቹ ጋር ተሸክመው ያመጣሉ፣ ይተክላሉ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ሳይገቡ በሩ ላይ ይቆማሉ። እማማ ዘውዴ ብቅ ሲሉ «እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» ይላሉ። እማማ አይተዋቸው ይመለሳሉ። ይኼው ነው። ሀብታሙ ደግሞ ገና ከሩቅ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል።

አንድ ጊዜ ትዕግስቴ አለቀና «ለምን ይሄዳሉ? ገፍተው ካላባረሩዎት አይበቃዎትም?» አልኳቸው። ሰው አክባሪ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ጮኼባቸዋለሁ።

«ምን ላድርግ?» አሉኝ። «እሱ አፍሮ ሊደበቅ ሲል ነው የሞተው። እኔም ከተደበቅኩ በቃ፣ ምንም አልተማርኩም ማለት ነው።»

የቀብራቸው ዕለት ሰው ከጠበቅኩት በላይ ነበር። የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ከፊት ይዘምራሉ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት የሰፈር እናቶች ከኋላ ይከተላሉ። እማማ ዘውዴን በዓይኔ ፈለግኳቸው፣ አልነበሩም። አስከሬኑ ከመኪና ሲወርድ አንድ ሰው ሕዝቡን እየከፈለ መጣ። ሀብታሙ ነው። ወፍሯል፣ ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። ከፊት ካሉት ተሸካሚዎች አንዱን በእጁ ገለል አደረገና ትከሻውን ከሳጥኑ ሥር አስገባ። ጉድጓዱ ድረስ ለማንም አላስረከበም።

አፈር መመለስ ሲጀመር ራቅ ብሎ ቆመ። ሄድኩበት።

«ይቅር አልካቸው ማለት ነው?» አልኩት። ሰላም እንኳ አላልኩትም።

«አላልኳቸውም» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። «ልዋሽሽ አልፈልግም። ወንድሜ እዚያ ውስጥ ተደፍቶ እኔ ውጭ ቆሜ ቀረሁ። እጃቸው እስካሁን እዚህ ደረቴ ላይ ነው ያለው።»

«ታዲያ ምን አመጣህ?»

«እማዬ ናት። ጠዋት ጫማዬን ወልውላ በሩ ላይ አስቀመጠችልኝ። ‹ሂድና ተሸከመው› አለችኝ። አልሄድም ስላት ተቆጣች። ‹እሱ ባይዝህ ኖሮ ሁለታችሁንም በአንድ ቀን ነበር የምቀብራችሁ። ይኼን የዚያኑ ዕለት ማታ ነው ያወቅኩት› አለችኝ።»

«የዚያኑ ዕለት?» አልኩት።

«የዚያኑ ዕለት።»

«እና ይኼን ሁሉ ዓመት ጋሽ ኤልያስ ደጃችሁ ላይ ሲቆሙ እማማ አንዲት ቃል ማለት አቅቷቸው ነው? አንዲት ቃል ብቻ እኮ ነው፣ ሀብታሙ። በእሷ እንቅልፍ ያገኙ ነበር።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሰዎች ዞረው አዩን። ሀብታሙ አልተቆጣኝም። በእጁ መዳፍ ፊቱን ጠረገ።

«እኔም እሱኑ ጠየቅኳት» አለኝ። «‹እግዜር ይስጥልኝ ካልኩት፣ ይርጋዬን ባንተ የለወጥኩት መሰለኝ› አለችኝ።»

እኔ ለቁጣ የማልሰንፍ ሰው፣ የምቆጣበት አጣሁ። ቆመን አፈሩ ሲሞላ አየን።